የሰባት ጫማ ጥላ

በታች ጋይንት የመጀመሪያውን ሰዓት የያዝኩት እኔ ነኝ። የሚጠራጠር ካለ አርብ ገበያ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ፤ የሚያስታውስ ሰው ካገኘ። ሰዓቴ በቁልፍ አይሞላም፣ ዝናብ አይፈራም፣ ሌባ አይመኘውም። እንዲያውም ሁለት ነበሩኝ፤ ግራና ቀኝ። የቀኙ ተረከዙ ላይ ተሰንጥቋል።

እግሬን ማለቴ ነው።

በጃንሆይ ዘመን በእኛ መንደር ሰው ቀጠሮ ሲይዝ «ጤዛ ሲረግፍ»፣ «ከብት ሲገባ» ይባባል ነበር። እንዲህ ተባብለው ያልተገናኙ ሰዎች አላውቅም። ዛሬ ሁለት ስልክ በኪሱ የያዘ ወዳጄ «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ» የሚለኝ ገና ሱሪውን እየፈለገ ነው።

በሁዳዴ ግን «ከብት ሲገባ» አይበቃም። ጾም የሚፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት የሚታወቀው ደግሞ በጥላ። ሜዳ ላይ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፣ የጭንቅላትህ ጥላ የሚያልቅበትን ጠጠር በዓይንህ ትይዛለህ፣ ከዚያ የአንዱን እግርህን ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠምክ እስከ ጠጠሩ ትለካለህ። ሰባት ጫማ ከሞላ ደርሷል።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በገዛ እግራቸው ሲለኩ ኖረዋል። ጾም ላይ ከመጠንከራቸው የተነሳ በሁዳዴ ጥላቸው ጭምር ይከሳል ይባላል፤ ባዩ እኔ ነኝ። «ከአሥራ አምስት ዓመቴ ወዲህ አንድ ቀን ከሰዓቱ በፊት እህል አፌ ገብቶ አያውቅም። ሌላ የምይዘው የለኝም፤ ፈጣሪዬ ፊት ይችን ይዤ ነው የምቆም» ይሉ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ጠጠሩን ማየት አቃታቸውና ልኬታው ለእኔ ተላለፈ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዚያው ዓመት እንደ ትልቅ ሰው እጾማለሁ ብዬ መንደሩን ሁሉ ጉድ አሰኝቻለሁ።

እሳቸው ደጃፍ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ያቀናሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ።

«…ስድስት፣ ሰባት። ደርሷል አባባ።»

«ተመስገን» ብለው ያማትባሉ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ፀሐይዋን ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች፣ ከዚያ እንጀራውን ከባቄላ ስልጆዋ ጋር ታቀርባለች። እሷም ተርባለች።

የጾሙ እኩሌታ ሲያልፍ ወታደሩ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። መንደሩ ተሰልፎ ጆሮውን እየለጠፈ አዳመጣት። አንዲት ጎረቤታችን የሰዓቷን ምት ሰምተው «ምን ታበላታለህ?» ብለው ጠየቁት።

በማግሥቱ እኔ «ሰባት» ብዬ፣ ማዕዱ ቀርቦ፣ አያቴ ሊቆርሱ እጃቸውን ሲዘረጉ አጎቴ ክንዱን አየ።

«አባባ፣ ገና እኮ ነው። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው።»

የአያቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ያችን ነገር ማን ነው የሚሞላት?»

«እኔ ነኝ፣ ማታ ማታ።»

«ብትረሳስ?»

«ትቆማለች።»

«ፀሐይን ማን ሞልቷት ያውቃል? ስትረሳት የምትቆም ዕቃ ይዘህ መጥተህ የዚህን ልጅ እግር ትጠረጥራለህ? አብሮኝ እየጾመ ያለ ልጅ።»

ይህን ብለው ቆረሱ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን ለእኔ አጎረሱኝ። ያች ጉርሻ እስከ ዛሬ አልወረደችም፤ ጉሮሮዬን ለነካ ሰው ትዳሰሳለች።

አጎቴ ሳይበላ ተነሳና በጆሮዬ ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«ለካ።»

ለካሁ። ተረከዜ የሚያርፈው ከጣቴ ጫፍ ሳይሆን ከሌላው እግሬ ወገብ ላይ ነበር።

«ይሄ የማን አገር ጫማ ነው?»

«የእኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዘወረደ።»

ከጾሙ ከመጀመሪያው ሳምንት ማለቴ ነው። አጎቴ ካቡ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። «አሁኑኑ ሄደህ ትነግራቸዋለህ» አለኝ። ጥቂት አሰበና ራሱ መልሶ፣ «ተው። ብትነግራቸው ሁዳዴን እንደገና ከአንድ ይጀምሩታል፤ በፋሲካ እኛ ዶሮ ስንበላ እሳቸው እያዩን ይጾማሉ። ከነገ ጀምሮ በሙሉ ጫማ፤ ሰምተሃል?» አለኝ።

በማግሥቱ በሙሉ ጫማ ለካሁ። አያቴ ድንጋያቸው ላይ ጠበቁ፣ ተቅበጠበጡ፣ ሦስት ጊዜ አስለኩኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰባት አልሞላም። በአራተኛው «ደርሷል» አልኳቸው።

«አየህ» አሉኝ፣ «ያ ሰዓት ቤታችን ከገባ ወዲህ ቀኑ ረዘመ።»

አጎቴ ወደ ጦሩ እስኪመለስ ድረስ አያቴ ሰዓቷን ቤት አላሳደሯትም። በረት ውስጥ፣ ከበሬዎቹ ጋር ነበር የምታድረው።

አሁን ሳስበው ትክክል ነበሩ። ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ሰዓት፣ ክንዴ ላይ ሰዓት፣ ስልኬ ላይ ሰዓት አለ፤ ቀኑ ግን አያልቅልኝም። «ደርሷል» ብዬ ብጮህ «ተመስገን» የሚለኝም የለም። አንዳንዴ ሰው አለመኖሩን አይቼ ግቢዬ ውስጥ ጥላዬን እለካለሁ። ሆዴ ወደፊት ስለወጣ ጣቴን ለማየት ማጎንበስ አለብኝ።

አያቴ ያችን ጾማቸውን እንደያዙ አረፉ። አልነገርኳቸውም። ከዚያ ሌላም ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። «አብሮኝ እየጾመ ያለ ልጅ» ያሉልኝ እኔ አልጾምም ነበር። በየማለዳው ከጎታው ጀርባ ተደብቄ የገብስ ቆሎ እስክጠግብ እበላ ነበር። የእሳቸውን ጾም ያስፈታሁት ርቦኝ አይደለም፤ ስልጆ አምሮኝ ነው።