መሰላልና ማንቆርቆሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር

እትዬ ሚሊ መስታወት ቆራጭ ናት። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። ገና በተጋቡ ሰሞን የአንድ መስኮት ልክ ወስዶ መጥቶ ቢነግራት አላመነችውም። ሜትሯን ይዛ ሄዳ ራሷ ለካችና፣ «ሁለት ሚሊ በልተሃል» አለችው። እሱም ሳቁ እያመለጠው፣ «ይቅርታ፣ እትዬ ሚሊ!» አላት። አለቀ። ሰፈሩ ስሙን እንደ ጉድ ወደደው፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም ዛሬ ከመታወቂያዋ በቀር የሚያውቅላት የለም። እሷ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሳትመልስ የምታድር ሴት አይደለችም። ባሏ መስታወት በተሸከሙ ቁጥር «ቀስ! ቀስ በይ እንጂ! ቀስ!» እያለ ነፍሷን ስለሚያወጣት «ጋሽ ቀስ» አለችው፤ ይኸው ሸብቶም ጋሽ ቀስ ነው።

ሱቃቸው ጠባብ ናት። መሃል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ጠረጴዛ አለ፤ መስታወቶቹ እንደየውፍረታቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የኋላው በር በቀጥታ ወደ መኖሪያቸው ያስገባል። እትዬ ሚሊ መቁረጫዋን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ስትጎነበስ ወሬ ክልክል ነው። ትንፋሿን ትይዝና አንዴ ብቻ ትስባለች፤ መስታወቱ ጭርር ይላል፤ ከሥሩ መታ መታ አድርጋ በሁለት አውራ ጣቶቿ ስትጫነው እንደ ደረቅ ብስኩት ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የጋሽ ቀስ ድርሻ ነው፤ ፍሬሙን ያጸዳል፣ መስታወቱን ያስገባል፣ ማስቲሹን በጣቱ ዙሪያውን ይለጥፋል። ትልልቁን መስታወት ግን አብረው ይሸከሙታል፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው የኋሊት እየሄደ። የኋሊት የሚሄደው ሰው እግሩን የሚያሳርፈው በሌላው ቃል ነው። «ደረጃ አለ፤ አንድ፤ ደግሞ ሌላ፤ ደረስክ።» ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሲሠሩ መስታወት የሰበሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥፋቱም የምርጫ ነበር።

በምርጫ ወረቀቱ ላይ ፓርቲዎቹ የሚለዩት በሥዕል ነው። ከሁለቱ ትልልቆች የአንደኛው ምልክት መሰላል፣ የሌላኛው ማንቆርቆሪያ ነው። ጋሽ ቀስ ከአባቱ ጀምሮ መሰላል ነው። እትዬ ሚሊ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ናት፤ ለምን እንደሆነች መስማት የሚፈልግ ሰው ወንበር ይዞ ይምጣ። «እኛ እኮ እንጀራችን መሰላል ላይ ነው!» ይላታል ባሏ። «እንግዲያው ሻይህንም በመሰላል አፍላዋ!» ትለዋለች። ቁርስ ላይ የተጀመረው ክርክር እራት ላይ ይቀጥላል። ሁለቱም ደግሞ ቀልዳቸውን አይደለም፤ ስለ ታክሱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ታች ሰፈር ቦይ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይሟገታሉ።

በትዳራቸው የመጀመሪያው ምርጫ ሊያፋታቸው ምንም አልቀረው። ፎቅ ላይ ላለ አንድ ፎቶ ቤት ትልቅ መስታወት ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ክርክሩ ተነሣ። እሱ የኋሊት እየወጣ ስለ መሰላል ይሰብካል፤ እሷ ከታች ሆና ስለ ማንቆርቆሪያ ትመልሳለች። ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር እጃቸውም ሳይታወቃቸው ይጓተት ጀመር። መስታወቱ መሃሉ ላይ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ክርክራቸውን አቆሙ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ነገሩ አብቅቷል። ስብርባሪውን ጠርገው አወጡና ተኳርፈው ሰነበቱ።

የምርጫው ዕለትም ተኳርፈው እንዳሉ አብረው ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰልፍ ያዙ፤ አንዳቸውም ሌላውን ብቻውን ለመላክ አላመኑማ! ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰልፉ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ እትዬ ሚሊ ምላሷን በላት።

«ስማ፣ አንተ ለመሰላል ነው አይደል የምትሰጠው?»

«ታዲያስ!»

«እኔ ለማንቆርቆሪያ። ያንተ ድምፅ ከኔ ጋር ሲጠፋፋ ስንት ቀረ?»

ጋሽ ቀስ አንገቱን አከከ። «ባዶ» አላት።

«እና ለባዶ ነው እዚህ የምንጠበሰው?»

ተያዩ። እሱ ቀድሞ ሳቀ፤ ከዚያ እሷ፤ ከዚያ ከኋላቸው የቆመው ሰው፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ። ከሰልፉ ወጡ። «ግን ብትከጂኝስ?» ብሎ ጠየቃት መንገድ ላይ። «ቁጭ ብለህ ጠብቀኛ። እኔም እጠብቅሃለሁ።» ከዓሣ ሻጩ በቀር ሁሉም ነገር ተዘግቷል፤ ሥራ የለም፤ ደንበኛ የለም። ዓሣ ገዝተው ገቡ፤ ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ቀን አሳልፈው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር የእነሱ ቀን ነው። የሱቁን መዝጊያ ዝቅ ያደርጋሉ፤ እሱ ዓሣ ይጠብሳል፣ እሷ ድንች ትልጣለች፤ ሬዲዮው ውጤት እስኪያወራ ድረስ ሙዚቃ ይከፍታሉ። ጠረጴዛውን ወደ ዳር ገፍተው ሱቁ ውስጥ ይጨፍራሉ፤ ግድግዳውን በተደገፈው መስታወት ሁሉ ውስጥ ሌሎች እትዬ ሚሊዎችና ጋሽ ቀሶች አብረው ይዞራሉ። «ቀስ! ክርንሽ!» ይላታል በጭፈራው መሃል። አመሻሽ ላይ ደግሞ የጣት ምርመራ አለ። የመረጠ ሰው ጣቱ ላይ ቀለም ይቀባልና፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያያል። መጀመሪያ የጥርጣሬ ነበር። በኋላ በኋላ ምርመራው ካለቀ ወዲያም እጃቸውን መላቀቅ እየረሱ እንዲያው ተያይዘው ይቀመጣሉ።

ይህ ነገር ልጃቸውን ያንገበግባታል። አስተማሪ ናት። «እማዬ፣ ባዶ አይደለም እኮ! ሁለት ሰው ለምርጫ ወጣ ይባላል፣ የወጣ ይቆጠራል! ሰው መከራውን አይቶ ያመጣውን መብት እናንተ ዓሣ ትጠብሱበታላችሁ!»

«ዓሣውን ብትቀምሺው አትፈርጂብንም ነበር» ይላታል አባቷ።

እትዬ ሚሊ ግን ለልጇ ቁም ነገሯን ትነግራታለች። «እኔ መብቴን አልጣልኩትም። ለአባትሽ ሰጠሁትና እሱም የሱን ሰጠኝ። ምረጡ ብሎ የሚያስገድደን የለም፣ አትምረጡ ብሎም የከለከለን የለም። ወደን ነው።» ልጅቷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ግን ሁሌም መርጣ ስትመለስ የተረፈውን ዓሣ ለመብላት ትመጣለች።

ዘንድሮ ታዲያ እትዬ ሚሊን ጉድ አገኛት። ልቧ ሸፈተ።

የመሰላል ሰዎች ታች ሰፈር አንድ ክሊኒክ አሠርተው ነበር። መስኮቶቹን የገጠመችው ራሷ ናት፤ ያኔ «ለታይታ ነው፣ መርፌ እንኳ አይገባበትም» ብላ ባሏን አቃጥላዋለች። በቅርቡ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ልትለውጥ ተመልሳ ሄደች። ነርሷ ክፍሉን እስክትለቅላት ድረስ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። እናቶች ሕፃን ታቅፈው ይገባሉ፣ እየተጫወቱ ይወጣሉ። ሳይታከም የሚመለስ ሰው አላየችም። ብርሃኑ በእሷ መስታወት በኩል ገብቶ ወለሉን ሞልቶታል። በማግስቱ ቁርስ ላይ ጋሽ ቀስ እንደ ልማዱ ስለ መሰላል ሲጀምር ዓይኗን ወደ ብርጭቆዋ ጣለች። ሻይዋን አማሰለች። ልክ ነው እኮ አለች በሆዷ። አበስኩ ገበርኩ! ይህ ሰውዬ ልክ ነው!

ምን ይዋጣት? ብትነግረው ውላቸው ፈረሰ። ሁለቱም መሰላል ከሆኑ የሚጠፋፋ ድምፅ የለም፤ እንደ ሰው ሁሉ ሰልፍ ይዘው መርጠው ይመለሳሉ፤ ዓሣው፣ ጭፈራው፣ የጣት ምርመራው አበቃለት። ብትደብቀው ደግሞ፣ በቃሏ ተማምኖ የኋሊት የሚራመደውን ሰው ልታታልለው ነው። ምርጫውም ዘንድሮ አንገት ላንገት ነው ይባላል፤ እሷም መሰላል እንዲያሸንፍ ከልቧ ፈልጋለች። ባሏ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ እስከ ዕለተ ሞቷ አያሳርፋትም፤ መቃብሯ ላይ መሰላል ቢያስቀርጽ አይደንቅም። ሳታወራው የምርጫው ቀን ደረሰ።

ዕለቱ እንደ ወትሮው ጀመረ። መዝጊያው ዝቅ አለ፤ ዓሣው ተጠበሰ፤ ሙዚቃው ተከፈተ። ጋሽ ቀስ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈት ያደርግና መጥበሻው ላይ ጨው ይጨምራል፤ ዓሣው ጨው በዝቶበት ነበር። አውቆብኝ ይሆን? ብላ ሰጋች። ከምሳ በኋላ እሱን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው።

እትዬ ሚሊ በመዝጊያው ቀዳዳ ወደ ትምህርት ቤቱ አየች። ሰልፉ አጥሯል። ጫማዋን አደረገች። አንድ ድምፅ ናት፤ ጣደፍ ብላ ሄዳ ጣደፍ ብላ ብትመለስ ማን ያያል? ቀለሙን ማስቲሽ ይሸፍነዋል ብላ እንኳ አሰበች፤ እንዲህ ያለ ተንኮል ከየት እንደመጣባት እግዜር ይወቅ። በጓሮ ዞራ ወጣች። መንገዱን ልትሻገር ስትል፣ ማዶ ደጁ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ዓይኑን አፈጠጠ።

«እትዬ ሚሊ! ጉድ ዛሬ! ልትመርጪ ነው?»

«ቆሻሻ ልደፋ ነው!» አለችው።

ልብስ ሰፊው ባዶ እጇን አየ። እሷም ባዶ እጇን አየች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ተመልሳ ገባች። ጋሽ ቀስ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አንድ እጁ ጭኑ ላይ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ልክ አመሻሽ ላይ ለምርመራ እንደሚሰጣት፤ ጥፍሩ ሥር ደረቅ ማስቲሽ አለ። ይህን ሰው ስትወደው ለራሷም ይገርማታል። ትከሻውን ነቀነቀችው።

«ተነሣ፣ የምነግርህ አለ።»

«ዓሣው አረረ እንዴ?»

«ዓሣው ከተበላ ቆይቷል! ስማኝ፣ ሳታቋርጠኝ።» ትንፋሿን ያዘች። «እኔ መሰላል ሆኛለሁ።»

ጋሽ ቀስ ቀና ብሎ አያት።

«ክሊኒኩን አይቼ ነው። ልክ ነበርክ። ሳቅብኝ፣ ለሰፈሩ ንገር፣ እንደፈለግህ አድርግ። አሁን ጫማህን አድርግና እንሂድ፤ ምርጫ ጣቢያው አልተዘጋም። ሁለት ድምፅ ነው። ቀናችን…» ጫማውን በእግሯ ገፋችለት። «ቀናችን ይቅር።»

ጋሽ ቀስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እትዬ ሚሊ ደነገጠች፤ ያለቀሰ መስሏት እጁን ከፊቱ ላይ ስባ አነሣችው። እየሳቀ ነው። ትንፋሽ እስኪያጥረው፣ እንባው በጉንጩ እስኪወርድ እየሳቀ ነው።

«አይ አንቺ ሴትዮ! ምን ልትሠሪኝ ነበር! እኔ እኮ ማንቆርቆሪያ ነኝ!»

«ምን?»

«የማንቆርቆሪያ ሰዎች አዳራሽ ከፍ ያለው መስኮት ተሰብሮ አልሠራሁም? እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ማስቲሼን ስለጥፍ፣ እነሱ ከታች ስብሰባ ተቀምጠዋል። ስለ ማታ ትምህርቱ፣ ስለ ትንንሽ ሱቆች ታክስ ያወራሉ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አንድ ባንድ ያንቺ ቃል ነው! ቁርስ ላይ የምትነግሪኝ! ካንቺ ስሰማው ነገር ፍለጋ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ላይ ሆኜ፣ ‹ይቺ ሴት ልክ ነበረች እኮ› አልኩ። መውረድ አቃተኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቀናችን ሊቀርብኝ ነዋ!»

እትዬ ሚሊ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ለካ ትሰማኝ ነበር» አለችው ቀስ ብላ።

«አንቺስ?»

«እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን ለግድግዳ የማወራ ነበር የሚመስለኝ።»

«እኔም» አላት። እትዬ ሚሊ በደስታ መግቢያ አጣች። ሰው እንዲህ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዕድሜውን ጨርሶ፣ መደመጡን በስተርጅና ሲሰማ ምን ይላል? እትዬ ሚሊ አቅፋ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

«እና አሁን ስንት ሆነ?»

ጋሽ ቀስ በጣቱ ቆጠረ። «አንቺ መሰላል፣ እኔ ማንቆርቆሪያ። ባዶ!»

ጫማዋን አውልቃ ወረወረችው።

ልጃቸው ቀለም የነካ ጣቷን ይዛ አመሻሽ ላይ ስትመጣ ጩኸቱ ከመንገድ ይሰማ ነበር። በሩን ስትከፍት ጠረጴዛው ወደ ዳር ተገፍቷል፤ ሬዲዮው ይዘፍናል፤ እናቷ ጠረጴዛ እየደበደበች ስለ መሰላል ትከራከራለች፤ አባቷ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃ አንሥቶ አየር ላይ እየወዘወዘ ይመልሳል። ልጅቷ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እማዬ፣ ምን ነካችሁ? ተቀያየራችሁ እንዴ?»

«እናትሽ አሳመነችኝ» አለ አባቷ።

«እሱም እኔን» አለች እናቷ።

ልጅቷ ክርክሯን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ግን ሳቅ አሸነፋትና ሳህን አነሣች። ጋሽ ቀስ የሚስቱን እጅ መብራቱ ሥር ይዞ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየ። «ንጹሕ» አለ። እሷም የሱን አየች፤ ከማስቲሽ በቀር ምንም የለበትም። እጁን ግን አልለቀቀችም።

«አይዞሽ ልጄ» አለ ጋሽ ቀስ ደረቱን ነፍቶ። «እስከሚቀጥለው ምርጫ እናትሽን ወደ ማንቆርቆሪያዋ እመልሳታለሁ። ያኔ አብረን ሄደን እንመርጣለን።»

እትዬ ሚሊ እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«ቀስ» አለችው። «ቀስ በል እንጂ።»