ዱላ መራጩ ካሳዬና የፈረንጁ ከረጢት

ካሳዬ ወርቁ በመርሳ ከተማ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በአይሱዙ ሞተርና በገና ዱላ። ሞተሩን የሚያውቁ ሌሎችም ነበሩ። ዱላውን ግን ከሱ በቀር የሚደፍር አልነበረም። ታኅሣሥ ሲገባ የከተማው ወንድ ጋራዡ ደጅ ይሰለፋል። ካሳዬ ቅባት የጠጣ እጁን በጨርቅ ይጠርግና ባለተራውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ እጁን ወደ ታች እንዲለቅ ያዝዘዋል፤ ከእጁ አንጓ እስከ መሬት በሲባጎ ይለካዋል። ከዚያ ከወይራው ክምር በልኩ አንዱን ቆልማማ መዞ ይሰጠዋል። ይግባኝ የለም። አንድ የወረዳ ሹም ረዘም ያለ እንዲሆንለት ቢጠይቀው፣ መጀመሪያ ቁመቱን ጨምሮ እንዲመጣ ነግሮታል ይባላል። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” የሚለው ብሂል ለካሳዬ ዓመቱን ሙሉ ያገለግል ነበር።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት ግን ዘመን ያልነካው ነገር እንደሌለ ታየ። ያን ጊዜ ማንኪያ ለመግዛትም ኮሚቴ ይቋቋማል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተፈራ፣ ወልድያ ሄዶ አሥር ቀን ሠልጥኖ ሲመለስ፣ የዱላ መረጣው በአንድ ግለሰብ እጅ መያዙ ግልጽነትና ተጠያቂነት የጎደለው አሠራር ስለሆነ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይረከበው አለ። ካሳዬ ወሬውን የሰማው መኪና ሥር ተኝቶ ነው። ሥራውን ከጨረሰ በኋላም እዚያው ትንሽ ቆየ። ሰው ሞትን እፈራለሁ ሲል እውነቱን አይደለም፤ የሚፈራው በቁሙ ሳለ ደጁ ጭር ማለቱን ነው።

በዚያው ሰሞን መንገድ ሥራውን የሚያማክር አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ከካምፑ ጀርባ ባለው ግጦሽ ላይ እሑድ እሑድ ነጭ ኳስ በብረት ዱላ ይመታል። መርሳዎች ጴጥሮስ ብለውታል። ካሳዬ የተበላሸ መኪናውን ስለጠገነለት፣ ይህን ጎልፍ የሚሉትን ጨዋታ ላስተምርህ ብሎ በሾፌሩ በይታገሱ በኩል ላከበት። ተፈራ ይህን ሲሰማ ጋራዡ ድረስ መጣ።

“ጋሽ ካሳዬ፣ ዱላ ያውቃሉ አይደል? ከፈረንጁ ከረጢት መርጠው ኳሷን ግጦሹ ዳር ካለችው ግራር ካሳለፉ ኮሚቴው ይቀራል። ካላለፈች ሲባጎዎን ያስረክባሉ።”

“ዱላ ዱላ ነው” አለ ካሳዬ።

ባለቤቱ እታፈራሁ ማታ ራት ስታቀርብ፣ ያልጠረበውን ዱላ ይዞ ሊዋረድ መሆኑን ነገረችው። እሱም ያንኑ መለሰላት። ሰው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲል አንዱን ለራሱ ነው።

እሑድ ግማሹ መርሳ ግጦሹ ላይ ተገኘ። ጴጥሮስ ከረጢቱን ከፈተ። አሥራ አራት ዱላ። ሰውየው ስንት ጠላት ቢኖረው ነው እያለ ካሳዬ አንድ በአንድ አወጣቸው። አሸተተ፤ የእንጨት ሽታ የለም። በጉልበቱ ለመጠምዘዝ ሞከረ። መሬት ላይ አንኳኩቶ አዳመጠ፤ ወይራ ሲያንኳኩት ይመልሳል፣ ይኼ ዝም አለ። ፈረንጁ መካከለኛውን፣ ሰባት ቁጥር የተጻፈበትን ብረት መዞ፣ ለጀማሪ የሚሆነው ይህ ነው፣ ረጅሙን ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል ብሎ በይታገሱ አፍ አስነገረ።

ካሳዬን ሁለት ነገር አስቆጣው። አንደኛ፣ ዱላው ማማሰያ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ጀማሪ ተባለ። ሠላሳ ዓመት ለጀማሪ ዱላ ሲሰጥ የኖረ ሰው ይህን ቃል በየት በኩል ይዋጠው? ከሁሉ የረዘመውን፣ አናቱ የግመል ጉልበት የሚያህለውን መረጠ።

ሲሰነዝር አንድ ድፍን ሣር ከነአፈሩ ተነሥቶ ሰው ላይ ተበተነ። ኳሷ እንደ ክብር እንግዳ እንደተቀመጠች ናት። ደገመ። ሣር። ሦስተኛው ላይ አንድ ስንዝር ተንቀሳቀሰች፤ እሱንም ነፋሱ ነው ያሉ አሉ።

ጴጥሮስ አልሳቀም። ቀረብ ብሎ ካሳዬን በትከሻው ይዞ ቀጥ አደረገው። እጆቹን ወደ ታች አስለቀቀው። ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ከእጁ አንጓ እስከ መሬት ለካው።

 ካሳዬ ከላይ ሆኖ የፈረንጁን መላጣ እያየ ቆመ። ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፤ ከታች ሆኖ እንጂ ከላይ አይቶት አያውቅም። ሰውን ሁሉ በልኩ ሲያስታጥቅ ኖሮ፣ ለራሱ የመረጠው በስሙ ልክ ነበር።

“ያችን የጀማሪዋን ስጠኝ” አለ።

ሰባት ቁጥሯን ይዞ መታ። ኳሷ ብድግ አለች፤ ሄደች፤ ግራሯ ጋ ልትደርስ አሥር እርምጃ ሲቀራት ወደቀች።

“አላለፈችም” አለ ተፈራ።

“አላለፈችም” አለ ካሳዬም፤ ሲባጎውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ተፈራ ነገሩን እዚያ ላይ ቢተወው ኖሮ ኮሚቴው እስከ ዛሬ በተሰበሰበ። ሥልጣን ግን አንዴ ከተጨበጠ አርፎ አያስቀምጥም። ወደ ከረጢቱ ሄዶ ያንኑ የግመል ጉልበት መዘዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። ኳሷን ሳተ፤ አንድ ዙር ዞረና ቁጭ አለ። ከሕዝቡ መካከል አንድ ድምፅ፣ ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን ከፍተዋል አለ።

ሳቁ በረድ እስኪል ተፈራ ሱሪውን አራገፈ። ከረጢቱን አየ፤ አሥራ አራቱን። ከዚያ ዝግ ብሎ፦

“ጋሽ ካሳዬ፣ የኔ የትኛው ነው?”

“ሲባጎው አንተ ጋ ነው።”

ተፈራ ሲባጎውን አውጥቶ ለካሳዬ መለሰለት።

“ቀጥ በል። እጅህን ልቀቀው” አለው ካሳዬ።

በዚያ ገና ጋራዡ ደጅ እንደ ወትሮው ተሰለፉ፤ ኮሚቴውንም ያነሣ የለም። መጀመሪያ የተለካው ግን ራሱ ካሳዬ ነው፤ ሲባጎውን የያዘችው እታፈራሁ። ለካ ሠላሳ ዓመት የተጫወተው ከልኩ ሦስት ጣት በረዘመ ዱላ ኖሯል።