ከሰሌዳው ጎን የተደፈነው በር

ሐይቅ ከተማ ባለው አሮጌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ፊደል በቆጠርኩበት ክፍል ውስጥ ነው ዛሬም የማስተምረው። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ነው፤ ውፍረቱ ከክንድ ያልፋል። ኮርኒሱ በልጅነቴ አቡጀዲ ነበር። ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ይነፋና ተመልሶ ይረግባል፤ እኛም አንጋጠን እሱን እናያለን እንጂ ሰሌዳውን አናይም። የከተማው ሰው ግድግዳውን፣ የድሮ ሥራ ነው፣ ንቅንቅ አይልም እያለ ይኮራበታል። እኔም እኮራበት ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሰሌዳው ጎን የተሰነጠቀውን ልስን እንዲጠግኑ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል አንድ ሽማግሌ ግንበኛ መጡ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለነበር ከፍቼላቸው ቆምኩ። ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ወዲያው ልስኑን መቀርፈት ጀመሩ። ኖራው በትልልቁ እየተገመሰ ሲወድቅ፣ ከሥሩ በትናንሽ ድንጋይ የተደፈነ በር ወጣ።

"እዚህ በር ነበረ እንዴ?" አልኩ።

በበሩ አናት የተጋደመውን የባሕር ዛፍ ግንድ በመዶሻው ነካ ቢያደርጉት ብረቱ ስምጥ አለ። ሲያወጡት ምስጥ የፈጨው ዱቄት ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

"ያ አላህ! እዚህ ሥር ማን ነው የሚቀመጥ?"

"አንደኛ ክፍሎች። ረባሾቹን ከዓይኔ እንዳይርቁ እዚህ ነው የማስቀምጣቸው።"

"ውጪ ልጄ። አሁኑኑ ውጪ!"

ደንዝዤ ወጣሁ። ተከትለውኝ በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ።

"የኔ እጅ ነው" አሉ።

"ምኑ?"

"የደፈንኩት እኔ ነኝ። ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከአባቴ ጋር። ብርዱ ልጆቹን ፈጃቸው፣ ዝጉልን አሉን። ቶሎ ልገላገል ብዬ ድንጋዩን ከግድግዳው ሳላያይዝ እንዲያው ደረደርኩት። አባቴ እንዳያይብኝ በኖራ ለሰንኩበት። ወላሂ፣ ረስቼው ነበር።"

ልቆጣ ፈለግሁ። ግን ማንን ነው የምቆጣው? በዚያ ግድግዳ ሥር እኔም ተምሬያለሁ።

ከሰዓት በኋላ የድጋፍ እንጨት ሊያመጡ እንደሄዱ፣ ማንም ሳይነካው ግድግዳው ወረደ። ከጓሮ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ። አቧራው ሲገለጥ የፊተኛው ዴስክ ለሁለት ተሰብሮ፣ ራስ የሚያህል ድንጋይ መቀመጫው ላይ ተቀምጧል። አምና እዚያ የተቀመጡትን አራት ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው ጠራሁ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልቀሩም። ግድግዳውን ከመሠረቱ አንስተው ሠሩት፤ በሩንም ከፈቱት። ክፍላችን በሦስት ሳምንት ዘግይቶ ተጀመረ።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናት ስለምን እንደዘገየን ጠየቀችኝ። ልጇ አምና ከአራቱ አንዱ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል። እውነቱን ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ልጇን ፍለጋ ወደ ሁለተኛ ክፍል ሮጠች።