ጉልበተኛው በመጨረሻ ይመለሳል

የባሌ ታላቅ እህት ለሳምንት ብላ ከድባጤ መጥታ በጋውን እኛ ዘንድ አጋመሰች። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን አልልም።

መጀመሪያ በመስኮቱ ሥር ያለውን ወንበሬን ያዘች። ልጆች ከወለድኩ በኋላ ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። መጻሕፍቴን ጆንያ ውስጥ ከትታ አልጋ ሥር ገፋቻቸው። ቀጥላ ማድ ቤቱን ወሰደች። በገዛ ቤቴ ጨው የት እንዳለ ጠያቂ ሆንኩ። ለባሌ ስነግረው «ታላቄ ናት፣ ምን ልበላት?» ይላል።

ቤት ውስጥ ለጌጥ የማረባቸውን ዓሦቼንም አልማረቻቸውም። ከትልቁ የዓሣ ገንዳ ሌላ አንድ ትንሽ ገንዳ አለኝ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡልኝ ዓሦች በሽታ እንዳያጋቡ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻ የማቆይበት።

«ምሁሯ፣ ምን አጥፍተው ታሰሩ?» ትለኛለች። «ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባሉ?»

ያን ሰሞን በማቆያው የነበሩት አውራ ጣት የማያክሉ፣ ባለ መስመር ዓሦች ናቸው። አንዱ ገንዳው ውስጥ ካስቀመጥኩት የሸክላ ስባሪ ሥር ገብቶ ግዛቴ ነው አለ። ሌሎቹ ጅራታቸው ተሸራርፎ ከላይ ጥግ ላይ ተለጥፈው ይውላሉ፤ ለምግብ ዝቅ ሲሉ እንኳ ተወርውሮ ያባርራቸዋል። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ጉልበተኛውን ለብቻው ታወጣለህ፣ ድንጋዩንም ስባሪውንም ቦታ ታቀያይራለህ፣ ሌሎቹ ቤቱን ሲለምዱት እሱን በመጨረሻ ትመልሰዋለህ። እንደዚያው አደረግሁ። ሲመለስ ስባሪው የነበረበትን ባዶ ቦታ ዞሮ ዞሮ አጣው። ይባስ ብሎ ከሁሉም የምታንሰው ከአዲሱ ጎሬዋ ብቅ ብላ አባረረችው። የተሰማኝ ደስታ ለዓሣ የሚበዛ ነበር።

እህትየው ባምባሲ ሠርግ ተጠርታ ሄደች። እግሯ ከግቢ እንደወጣ ቁም ሳጥኑን መግፋት ጀመርኩ። ባሌ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጽዳት ነው አልኩት። ወደ ትንሹ ገንዳ አየ፣ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ቁም ሳጥኑን በሌላኛው በኩል ያዘልኝ። ሳሎኑንም ማድ ቤቱንም ገለበጥናቸው።

ከሠርጉ ተመልሳ ባጃጅ በር ላይ ሲያወርዳት በአዲሱ ቦታዬ፣ በወንበሬ ላይ፣ እያነበብኩ ነበር። በለመደችው ሄደች፤ በመስኮቱ ሥር ቁም ሳጥን ቆሞ ጠበቃት። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ዞር ዞር አለች።

«የት ልቀመጥ?» አለችኝ።

በዚህ ቤት ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ብድግ ብዬ ከበሩ አጠገብ ያለውን፣ ለእንግዳ የምናቀርበውን ወንበር በአክብሮት አሳየኋት። ለበዓል ብቻ በምናወጣው ብርጭቆ ሻይ በትሪ አቀረብኩላት። ወደ ማድ ቤት ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት።

«ኧረ እትዬ፣ በሞቴ! እንግዳ እንዴት ይነሳል?»

«እንግዳ ሆንኩ?»

«ይጠጡ እንጂ፣ እንዳይቀዘቅዝብዎ።»

በማግስቱም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ስኳር ፍለጋ ስትነሳ ቀድሜ አመጣለሁ፤ ሰሃን ልታጥብ ስትል ከእጇ እቀማለሁ። በእንግድነት እንዲህ አጥብቄ ያከበርኩት ሰው የለም። ሳምንት ሳይሞላ ቤቷ እንደናፈቃት ተናገረች። ስንቋን አሳምሬ ቋጠርኩላት፣ ቦርሳዋን ራሴ ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ተጠግቼ፣

«እትዬ፣ አይጥፉብን» አልኳት።