የመጨረሻው ካንዴላ ሲወጣ

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጊንጪ ወላጆቼ ቤት ነው። ዛሬም መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ከኋላው ሰው አለመኖሩን ቆሜ አያለሁ።

አባቴ በጉልበቱ ዘመን ከጉደር አዲስ አበባ እህል ያመላልስባት የነበረች አፍንጫ ረጅም፣ በቤንዚን የምትሠራ አሮጌ የጭነት መኪና አለችው። ዓይኑ ሲደክም ግቢ ውስጥ አቆማት። ወንድሞቼ "ትቆራረጥና ለብረት ትሂድ" ሲሉ እሱ "መጀመሪያ ሞተሯ ይታይ። ሞታ ከሆነ ውሰዷት" አለ። ደረጀ የሚባል መካኒክ ከአምቦ ጠራሁለት። ኮምፕሬሽኗን፣ ማለትም ሞተሩ አየር አምቆ መያዝ አለመያዙን ሊለካ መጣ።

"ካንዴላዎቹን በሙሉ ልፍታ፤ ከዚያ ስልሽ ቁልፉን ታዞሪያለሽ" ብሎ ጋቢና አስገባኝ። ካንዴላ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩስ፣ የሞተሩንም ቀዳዳ የሚደፍን ነው።

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጋ ነው የቆመችው። የእጅ ፍሬኗ ከተበላሸ ቆይቷል። ማርሽ ውስጥ ናት፣ ከኋላ ጎማዋ ስርም ድንጋይ አለ፤ ይበቃል ብለን ነበር። አባቴ ግቢውን ሲንቆራጠጥበት ቆይቶ ከመኪናዋ ኋላ፣ ጥላው ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ጎመኑ መደብ ሰጥቶ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ጆሮው በደንብ አይሰማም።

ደረጀ የመጨረሻውን ካንዴላ ሲያወጣ መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰች። ድንጋዩ ዝናብ ያራሰው አፈር ውስጥ ሰመጠ። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ያው ነው። በጎን መስታወቱ የአባቴ ጉልበትና ከዘራው ይታየኛል። "አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። ከዘራው አልተንቀሳቀሰም።

ያን ጊዜ ከጭልሞ ደን በኩል ማገዶ ተሸክማ በበራችን የምታልፍ ሴት "ኦቦ፣ ካኣ! ካኣ!" ስትል ሰማሁ፤ ጌታው፣ ይነሱ ማለቷ ነው። እሷንም አልሰማትም። በተከፈተው በር ሮጣ ገባችና ጀርባዋን ወደ ኋላ ጎማው አዙራ ሸክሟን እንዳለ ከስሩ ለቀቀችው። እንጨቱ ተንኮሻኮሸ፣ መኪናዋ ከፍ አለችና ቆመች።

ወርጄ ስደርስ የመኪናዋ ጭራ አባቴ ትከሻ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ዞር ብሎ አየኝና "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሮጪው?" አለኝ።

ደረጀ ፊቱ አመድ መስሏል። "እስከ ዛሬ በማርሹ በኩል ይዟት የኖረው የሞተሩ ኮምፕሬሽን ነው" አለ። "ካንዴላዎቹ ሲወጡ የሚይዛት አጣች። ሞተሯስ ጤነኛ ነው።"

ሴትየዋ የተረፈውን እንጨት መሰብሰብ ጀምራለች። ልረዳት ጎንበስ ስል በኦሮምኛ "ተዪው፤ አባትሽን አስገቢያቸው" አለችኝ። እሱን አስገብቼ ስመለስ ሄዳለች።

መኪናዋ ዛሬ ደልዳላው ቦታ ላይ ቆማለች፤ አልተቆራረጠችም። የሴትየዋን ፊት ግን በድንጋጤ ልብ ብዬ አላየሁትም። ጊንጪ በሄድኩ ቁጥር ማገዶ ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶችን ቆሜ ሰላም እላለሁ። የትኛዋ እንደሆነች ስለማላውቅ፣ ሁሉንም።