ጀልዱ ላይ የታለበችው ላም

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ለሊሴ ከአምቦ አንድ ውል ይዛ መጣች። የአገራችንን የካቺሲን ማር ለውጭ አገር ገዢ ልትሸጥ ነው። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብልኝ፣ «ጠብ ቢነሳ በገዢው አገር፣ በገዢው አገር ሕግ ይዳኛል» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝግ አለ።

«አኮ፣» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ «ማሩ በብርድ ሲረጋ ስኳር ጨምረሽበታል ቢሉኝስ? እዚያ ድረስ በምን አቅሜ ሄጄ ልከራከር?»

እኔ ላሜ ትዝ አለችኝ።

ካቺሲ ገና ሙሽራ ሳለሁ ባለቤቴ ከጊንጪ ገበያ፣ ኦቦ ቶሎሳ ከሚባል ሰው፣ ቦራ ላም ከነጥጃዋ ገዛ። ያኔ መንገዱ እንዳሁኑ አይደለም፤ ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር። «ጠዋት ማታ ማለቢያ ትሞላለች» የተባለች ላም፣ እኔ ላልባት ስጠጋ ጠብ አላደረገችም። ጥጃዋን ባስጠጋ፣ ባሻሻት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች!

አማቴ፣ «ላሟ ናት ወይስ እጅሽ?» አሉኝ። እጀ ደረቅ ሙሽራ ተብዬ ልቀር ነው።

ላሟ ትመለስ ተባለ። ግን የት እንዳኝ? ባለቤቴ ካቺሲ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ ኦቦ ቶሎሳም ጊንጪ ሰበሰበ። በሁለቱም ቤት ተደገሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፤ ባላጋራው ግን በሁለቱም ቤት አልመጣም። በሰው ደጅ፣ በሰው ጠላ ማን ይዳኛል? ሽማግሌዎቹ ብቻ ወፈሩ።

በመጨረሻ መሀል መንገድ፣ ጀልዱ፣ ተባለ፤ እኛም ላሟን ከነጥጃዋ ነድተን ሄድን። አንድ ሽማግሌ ከእኛ፣ አንድ ከእነሱ፤ ሦስተኛውን ሁለቱ መረጡ። ፍርድ ሳይሰጥ እህል እንዳይቀመስም ተስማሙ። የጀልዱ ብርድ ደግሞ ያስርባል፤ አጠገባችን የተቀቀለ ድንች ይጨሳል። ሦስተኛው ሽማግሌ ድንቹን ድንቹን እያዩ፣ «ወሬው ይብቃ፤ ላሟ ትጠየቅ!» አሉ።

የኦቦ ቶሎሳ ሚስት አዴ ዲንቄ ማለቢያዋን ይዛ ቁጢጥ አለች። በኦሮምኛ ታንጎራጉርላት ጀመር። ወተቱ ማለቢያውን እየመታ ጮኸ!

«አንቺ ምን እያልሽ ነው የምታልቢያት?» አለችኝ።

«ምንም። እናቴ ቤት ዓይን እንዳይበላት ተብሎ በዝምታ ነው የሚታለበው።»

«ዋዪ! ዝም ላላትማ ማን ይሰጣል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። «ላሟም ደህና፣ እጇም ደህና። አዴ ዲንቄ ካቺሲ ሦስት ቀን ሰንብታ ዜማውን ታስተምራት» ብለው ወደ ድንቹ ተነሡ። ድምፄ አያምርም፤ ላሟ ግን ታገሠችኝ። አማቴ በበኩላቸው ከዚያ ወዲያ ስለ እጄ አላነሱም።

ይህን ስነግራት ለሊሴ ሳቀች። «ልጄ፣ የእሱም አገር ይቅር፣ የእኛም ይቅር፤ መሀል ፈልጉ» አልኳት። «ግን ከሁሉ በፊት ላሟ ትታይ በይው።»

እሷም በውሉ ቋንቋ አሳምራ ጻፈችው፦ መጀመሪያ ሁለቱም የተስማሙበት ባለሙያ ማሩን ይመርምር፤ ጠቡ በዚያ ካልበረደ ሦስት ዳኞች በሦስተኛ አገር ይቀመጡ። እኔ ገዢው እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም የሰው ደጅ ይፈራ ኖሯል፤ በሳምንቱ «እሺ፣ ናይሮቢ ይሁን» ብሎ መለሰ።

ናይሮቢን አላውቃትም። ድንች ግን አይጠፋባትም።