ድንበራችን ላይ የበቀለው አደይ አበባ

ለዓመታት የደበቅኩትን ልናገር፤ እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስጸልይ እንኳ ልቤ የእርሻዬ ድንበር ላይ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መስከረም ከጠባ ጀምሮ ጎረቤቴ ሰይድ በየማለዳው ድንበራችን ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ማሳ ያፈጣል። መሬቴን በዓይኑ የሚለካ መሰለኝ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብትኖር፣ «መሬት በዓይን አይወሰድም» ትለኝ ነበር።

ዛሬ የድንበሩ ድንጋይ በግልጽ እንዲታየኝ የሸፈነውን አደይ አበባ ላጭድ ማጭድ ይዤ ሄድኩ።

«ምን ታፈጣለህ?» አልኩት።

«አበባህን ነዋ! በእኔ በኩል ያለውን በሬዎቼ ጨረሱት። ደግሞ ቀስ ብለህ ተናገር፤ የንቡን ድምፅ ሸፈንክብኝ እኮ!»

አላመንኩትም። አበባውን ገለጥ አድርጌ ድንጋዩን አየሁ፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ሰይድ ሳቀብኝ። «ለካኸው? በል አሁን ተቀመጥ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ንቡ ሲያዜም፣ ከገደሉ ማዶ ቆቅ ስትጮህ ሰማሁ። ለካ የገዛ ማሳዬን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

እናንተስ ማንን በከንቱ ጠርጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድም አበባ ሳላጭድ ተመልሼ ማጭዱን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።